የደመወዝ ፖስታዎች

ወዳጄ ካረፈ በኋላ ቤተሰቡ ሊነካው የፈራው አንድ ዕቃ ነበር፤ የእንጨት ሳጥኑ። ልብሱ ቶሎ ነው የተለየው። ኮቶቹ ለወንድሙ ሄዱ፣ ጫማዎቹ ለሠፈሩ ዘበኛ ተሰጡ፣ ጋቢውን ማንም ሳይጠይቅ ባለቤቱ አስቀረችው። ሳጥኑን ግን ሁሉም እያየ ያልፈዋል። በመጨረሻ ደወለችልኝ። «እህቴ፣ የዚህን ሳጥን ነገር ከእሱ ሌላ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ነይና ገላግይን» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ጅማ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። እሱ ደግሞ ቡና ቀማሽ ነበር። ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከጌራ የመጣውን ቡና በማንኪያ ፉት ብሎ፣ ተፍቶ፣ ደረጃውን የሚናገር ሰው። ሌላው ደንበኛ ባንክ የሚመጣው ብር ሊያስገባ ወይ ሊያወጣ ነው። እሱ ብር ሊመርጥ ነበር የሚመጣው። ኖቱ ላይ የታተመውን ዓመተ ምሕረት እያየ «ይቺ አለችኝ፣ ያቺኛዋ ናት የጎደለችኝ» ይላል። ሰልፈኛው ከኋላው ያጉረመርማል። እኔም እቆጣዋለሁ። ግን አዲስ እሽግ ሲገባ አንዷን ለእሱ አስባለሁ። ወዳጅነታችን በዚህ ተጀመረ፤ ከዚያ ከባለቤቱም ከልጆቹም ጋር ቤተሰብ ሆንን።

ቤታቸው ጊንጆ ነው። ስሄድ የጅማ ዝናብ እንደ ልማዱ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፤ ለመነጋገር መጮህ ነበረብን። ባለቤቱ ዒዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት ሙስሊም የምትቀመጠው የሐዘን ጊዜ ነው። አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፣ አትኳኳልም፣ አታጌጥም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የሚሠራው እሷ ፊት ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ይሄ ሥርዓት ደስ ይለኛል። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ አርባው ሳይወጣ ዘመድ ይሰበሰብና ቁምሳጥኑ ተራግፎ ያድራል። እዚህ ግን ባለቤቲቱ ቁጭ ብላ እያየች ማንም አይቻኮልም።

ሳጥኑ ተከፈተ። ውስጡ በመደዳ የተደረደሩ ትንንሽ ቡናማ ፖስታዎች ናቸው። ደመወዝ በእጅ ይከፈል በነበረበት ጊዜ ብር የሚታሸግባቸው የደመወዝ ፖስታዎች። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሳንቲም ወይም አንድ ኖት አለ። ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። ዋጋ ይሆናል ብዬ ነበር። አይደለም። «አጋሮ። አንድ ሽማግሌ ቡና አቅራቢ። ዋጋ አልቀበልም አለ፣ ስኳር ወሰድኩለት» ይላል አንዱ። «ሰቃ። ከግድግዳ ጭቃ ውስጥ የወጣ። ልጆች ሲጫወቱበት» ይላል ሌላው። ሁሉም እንዲህ ነው። ከማን፣ የት፣ እንዴት።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ገጠመን። ትንሹ ልጅ እኔ ከመድረሴ በፊት ሊቆጥራቸው ብሎ አንድ መደዳ ሙሉ ዘርግፎታል። ሳንቲሙ ለብቻ፣ ባዶ ፖስታው ለብቻ ተከምሯል። ልጁን አልፈርድበትም፤ የሚቆጠረው ሳንቲም ነው፣ ወረቀት ማን ይቆጥራል? ግን ለእኔ ግማሹ ንብረት ያ ወረቀት ነው። ብሩ የትም አለ። ከሰቃ ግድግዳ የወጣው ብር ግን አንድ ነው፤ ያለ ፖስታው እሱም እንደ ማንኛውም ብር ነው።

ለመመለስ ሞከርን። ትልቋ ልጅ ናት ዘዴውን ያገኘችው። ፖስታውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ ስታየው፣ ለዓመታት የተቀመጠው ሳንቲም ወረቀቱ ላይ ክብ አትሟል። የጠገራ ብር፣ የዚያ የድሮው ትልቅ የብር ገንዘብ፣ ክብ ትልቅ ነው፣ የሳንቲሙ ትንሽ ነው። አንዳንዱ ክብ ጠርዙ ላይ ጠቁሯል። እያመሳሰልን ብዙዎቹን ወደ ቤታቸው መለስን። እኩል መጠን ያላቸው ጠገራዎች ግን አስቸገሩን። እነሱን አንድ ላይ ጠቅልለን «ያልተለየ» ብለን ጻፍንባቸው። ገምቶ ከመመለስ ይሻላል።

ስለ ጠገራው ካነሳሁ አይቀር፣ የወጣቱን ጉጉት ልንገራችሁ። ሁሉም ጠገራ ላይ 1780 ተጽፏል። ልጁ ስልኩን አወጣና «እትዬ፣ ይሄ እኮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው! ሀብታም ሆንን!» አለ። ጠገራው ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ ብሩ ለንግድ ሲባል በተለያዩ አገሮች ሲመታ ያ ዓመት አልተለወጠም። ጣሊያን እንኳ ሊወረን ሲዘጋጅ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመትቶታል። ስለዚህ 1780 የሚለው የአያቶቻችን ዕድሜም ላይሆን ይችላል። ሃያ ስምንት ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አብዛኛው ብር የሚባለው ማዕድን ነው፤ የተለመደው ዓይነት ሲሸጥ ዋጋው ከማዕድኑ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ልጁ ፊቱ ጨለመ። እውነቱን አሁን ቢሰማ ይሻላል ብዬ ነው።

ጅማን ግን ያለ ጠገራ ማሰብ አይቻልም። በአባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ገበያ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ በዚህ ነበር የሚገዛው። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ነጋዴው ጠገራውን ሲቀበል የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁ በጥፍሩ ይቆጥር ነበር ይባላል፤ ዕንቁዋ ከጠፋ ብሩ ያለቀ ነው ብሎ ይመልሳል። ወዳጄ ይሄን ሲያወራ ጥፍሩን አንሥቶ ያሳየኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መካከለኛዋ ልጅ ሎሚና አመድ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ጥቁሩን ልታስለቅቅ ነው። «ተይ!» ብዬ ጮህኩ፤ ደነገጠች። ብር ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ ዕድሜው ነው። ሰብሳቢ የታሸ ሳንቲም አይወድም፤ ከተፋቀ ዋጋው ይወድቃል። ትንሹ ደግሞ ከገበያ ለስላሳ ፕላስቲክ አልበም ገዝቶ መጥቷል። እሱንም አስመለስኩት። እንደዚያ ያለው ፕላስቲክ ውሎ አድሮ ይለጠፋል፣ ሳንቲሙንም አረንጓዴ ያደርገዋል፤ በጅማ እርጥበት ደግሞ ምን ይቀራል። ያው የወረቀት ፖስታው ይበቃል አልኳቸው። ትእዛዜ በዛ መሰለኝ፣ እናታቸው ሳቀች። ለቅሶ ከተቀመጠች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ከታች ዝገት የበላው ቆርቆሮ ጣሳ ነበር። ውስጡ ግራጫ ጓል። መካከለኛዋ ልጅ ሊጣል ነው ብላ በር ላይ አድርሳው ነበር። በምላሴ ነካ አደረግኩት። ጨው ነው። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የኖረው አሞሌ። የጅማ እርጥበት አቅልጦ ቅርጹን አጥፍቶታል። ክዳኑ ላይ ግን ጽሑፉ አለ፦ «አሞሌ ነበር። እኔ ነኝ በደንብ ያላስቀመጥኩት።» እንደ እሱ ነው፤ ለጨው ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው።

የምኒልክም ብር ተገኘ። አንበሳው፣ ከንጉሡ መልክ ጋር፣ ዓመቱ ደግሞ በግእዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯። ፓሪስ የተመታው። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጅ ማንበብ አልቻለችም፤ ሰንፋ አይደለም፣ ማንም አላስተማራትም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1937 የራሳችን ብር እስኪወጣ ድረስ ገበያ ላይ የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግም አለ። እነዚህን ለብቻ አወጣን፤ ቀስ ተብለው የሚታዩ ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው ግን ቤቱን አወከው። ከሥር ወፍራም እሽግ፣ የድሮ መቶ ብር። ትልቁ ልጅ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። መስከረም 4 ቀን 2013 ነበር የብር ለውጡ የተነገረው። አሥሩ፣ ሃምሳውና መቶው ተቀየረ፣ ሁለት መቶ ተጨመረ፤ የመለወጫው ጊዜም ሦስት ወር ነበር። እኔ ያኔ መስኮት ላይ ነበርኩ፤ ያን ሰልፍ አልረሳውም። «አባቴ ይሄን ሁሉ ብር አቃጥሎ ነው የሞተው?» አለ ልጁ። እናቱ ዝም አለች። እሽጉን ተቀብዬ ቀስ ብዬ ገለጥኩት። ላስቲኩ ቀልጦ ከላይ ያለው ኖት ላይ ተጣብቋል፤ እሱን አልነካሁትም። የቀሩት ግን ሁሉም የተለያዩ ናቸው። የተለያየ ዓመተ ምሕረት፣ የተለያየ ፊርማ። ከኋላ ማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰውዬ በየዓመቱ። የተደበቀ ገንዘብ ሳይሆን ስብስቡ ነው። አብዛኞቹን ደግሞ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ትልቅ ፖስታ ውስጥ ነበሩ፤ ጀርባውን ገለበጥኩ። ለሌላው ሁሉ ስም፣ መንደር፣ ታሪክ አለው። የእኔው ላይ የተጻፈው «ባንክ። መስኮት 3» ብቻ ነው። ስሜ የለም! ባለቤቱ «ስትቆጪው ፈርቶሽ ይሆናል» አለችኝ።

አሁን ወደ ክፍፍሉ። እነሱ ዘንድ በሸሪዓው ነው፤ ዕዳው ይከፈላል፣ ከዚያ ባለቤቲቱ ስምንተኛዋን ታነሣለች፣ የቀረው ለልጆቹ፣ ለወንዱ ሁለት ለሴቷ አንድ። አጎትየው በሚገባ አስረዱን። ግን ለማካፈል ዋጋ ያስፈልጋል፤ ዋጋ ከተባለ ደግሞ ገዢ ይመጣል። መጣም። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው፣ ሚዛን ይዞ። ሁሉንም አንድ ላይ በግራም እወስዳለሁ አለ። «ፖስታውን ጣሉት፣ አያስፈልግም» ሲል ጣልቃ ገባሁ። ለጠገራው ያለው ዋጋ ክፉ አልነበረም፤ ይሄን ልደብቅ አልችልም። የምኒልኩን ብርም ከጠገራው ጋር እኩል ሊመዝነው ሲል ግን ማንነቱ ገባኝ። ውጭ ያለ የአጎታቸው ልጅ ደግሞ «በሰው ላኩልኝ፣ እዚህ እሸጠዋለሁ» ብሏል። እንዳይሞክሩት ነገርኳቸው። የቅርሱ አዋጅ፣ የ1992ቱ ቁጥር 209፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። አንድ ልጅ ኤርፖርት ላይ በአባቱ ሳንቲም ሲታሰር ማየት አልፈልግም።

እኔ ሁሉም ይቀመጥ የምል ሰው አይደለሁም። ትንሹ የትምህርት ቤት ክፍያ አለበት፣ ጣሪያው ያፈሳል። የማይለዩት ጠገራዎች ቢሸጡ ወዳጄ የሚቀየም አይመስለኝም። ታሪክ ያላቸው ግን ከነፖስታቸው ለልጆቹ ይካፈሉ። አንዱን መደዳ ለጅማ ሙዚየም መስጠት ይቻላል ብላለች ትልቋ ልጅ። ወንድሟ ፊቱን አጠቆረ። እዚያ ላይ አልተስማሙም።

አንዱ ጠገራ የተበሳ ነው። አናቱ ላይ ቀለበት ተበይዶበታል። ገዢው አይቶት ወዲያ ገፋ አድርጎታል፣ የተበላሸ ነው ብሎ። ፖስታው ላይ «ከእማ አንገት» ይላል። የወዳጄ እናት ከነዶቃው ያደርጉት የነበረ ነው፤ ጀርባው ደረታቸው ላይ ሲንሸራተት ኖሮ ልስልስ ብሏል፣ ንስሩ አይታይም። ትልቋ ልጅ «ይሄን በብር ዋጋ ከድርሻዬ ቀንሱልኝ» አለች። ማንም አልተከራከራትም። አጎትየው ጻፉላት።

ልንበተን ስንል ያ ገዢ ደወለ። ዋጋ ጨምሬያለሁ፣ ነገ በጠዋት እመጣለሁ አለ። ባለቤቲቱ ስልኩን ከልጇ ተቀበለችና፣ «ወንድሜ፣ ዒዳ ላይ ነኝ። እስክጨርስ ከወንድ ጋር አልነግድም» ብላ ዘጋችበት። አጎትየው እንዲህ የሚል ሕግ የት ነው ያለው ብለው ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ አዩኝና ተዉት።

ኖቶቹን ገና አልጨረስንም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ወፍራም ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ።