ሂውሚዲፋየሩን ከፈርነሱ ጋር ማገናኘት፦ ሽቦው ላይ ደርሻለሁ

ባለፈው ዱክቱን (አየር የሚያልፍበትን የቆርቆሮ ቱቦ) ቆርጬ የቤቱን አየር የሚያረጥበውን ሂውሚዲፋየር እንደሰቀልኩ፣ የውሃውንና የማፍሰሻውን ቱቦ እንደዘረጋሁ ነግሬያችሁ ነበር። አሁን ሽቦው ተራው ነው። ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት እሱን ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ለምን አስፈለገ ለምትሉ፣ ሚኒሶታ ብርዱ ሲገባ የውጭው አየር የሚይዘው እርጥበት ከቁጥር አይገባም። ያንን አየር የቤቱ ማሞቂያ ፈርነሱ ሲያሞቀው ድርቀቱ ይብሳል። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ልጆቹን ነስር ያስቸግራቸዋል፣ ጋቢ ሲገፈፍ ይንጣጣል። እንጀራማ ገበታ ላይ ትንሽ ከቆየ ጠርዙ ብስኩት ይሆናል።

ዕቃው ራሱ ቀላል ነው። በ24 ቮልት የሚከፈት ትንሽ የውሃ ቫልቭ፣ ውሃው የሚወርድበት ፓድ፣ እርጥበት የሚለካ ሂውሚዲስታት። ሽቦው ኮረንቲውን ወደ 24 ቮልት ከሚያወርደው ትራንስፎርመር ይነሳና በሂውሚዲስታቱ አልፎ ቫልቩ ጋ ይደርሳል፤ ከቫልቩ ሌላው ጫፍ ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል። ፕላስና ማይነስ የለውም፣ ቢገለባበጥም ይሠራል።

ራስ የሚያዞረው ኤሌክትሪኩ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። አንዳንዱ ሰው ከፈርነሱ ቦርድ ላይ «ደብሊው» (ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲጠይቅ 24 ቮልት የሚመጣበት) እና «ሲ» (መመለሻው) ከሚባሉት ይወስዳል። ይሠራል፣ አልክድም። ግን እኔ አልወደድኩትም። አንደኛ፣ ቴርሞስታቱ ሙቀት እንደጠየቀ የፈርነሱ ነፋስ (ፋኑ) ሳይነሳ ውሃው መፍሰስ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ የቫልቩ ሽቦ የሆነ ቦታ ሾርት ቢያደርግ የቦርዱ ፊውዝ ይቃጠላል። በጥር ብርድ ፈርነስ አልነሳም ሲል አስቡት!

ብዙ ቦርዶች ላይ «ሃም» የሚል ምልክት ያለበት መሰኪያ አለ፤ ለዚሁ ሥራ የተተወ ነው። እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ቦርድ በሱ የሚሰጠው 24 ቮልት ነው፣ አንዳንዱ 120። 120ውን ቀጥታ ቫልቩ ላይ ብትሰኩት ቫልቩ አለቀለት። የኔው 120 ነው። የፈርነሱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለው ሥዕል እንደዚያ ይላል፣ ቴስተሩም ያንኑ አሳየኝ። ከቴስተር በፊት ማንንም አትመኑ፣ እኔንም ጨምሮ።

ስለዚህ ለብቻው ትራንስፎርመር አደረግኩ። መጀመሪያ ብሬከሩን አጠፋሁ፣ ከዚያ ኮረንቲ አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጥኩ። የትራንስፎርመሩ የ120 ወገን አንዱ ሽቦ «ሃም» ላይ፣ ሌላው ከነጮቹ ሽቦዎች ጋር ኒውትራሉ ላይ ገባ። ከ24ቱ ወገን ቀጭኑን የቴርሞስታት ሽቦ ዘረጋሁ፤ ከ120ው ጋር አንድ ላይ እንዳይታሰር ለይቼ በሌላ በኩል አሳለፍኩት። የጋዙን መስመር ጫፉንም አልነካሁም። እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት ከተማችሁ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ እዩ።

ሂውሚዲስታቱን የሰቀልኩት ከቤት የሚመለሰው አየር በሚገባበት ዱክት ላይ፣ አየሩ ሂውሚዲፋየሩ ጋ ሳይደርስ በፊት ነው። ከሱ ወዲያ ቢሆን የሚለካው ራሱ ያረጠበውን አየር ነበር።

ከዚያ ብሬከሩን መልሼ ቴርሞስታቱን ከፍ አደረግኩ። ነፋሱ ሲነሳ ቫልቩ ጠቅ አለ፣ ውሃው ፓዱ ላይ መውረድ ጀመረ። ሂውሚዲስታቱን ዝቅ ሳደርገው ቆመ። ደስታዬን ልደብቃችሁ አልችልም።

መጠኑን በተመለከተ፣ እርጥበት በበዛ ቁጥር ይሻላል እንዳትሉ። ውጭው 20 ፋራናይት ሲሆን 35 ከመቶ ይበቃል፤ ዜሮ ሲገባ 25፤ ከዜሮ በታች 20 ሲወርድ ወደ 15 ማውረድ ነው። አለዚያ መስኮቱ ያልበዋል፣ ቆይቶም ፍሬሙ ይሻግታል።

የሚቀረኝ የተንዠረገጉትን ሽቦዎች ማሰርና ምን ከምን እንደተገናኘ ወረቀት ላይ ስዬ በሩ ውስጥ መለጠፍ ነው። ብርዱ ሲወጣ ውሃውን እዘጋለሁ፣ የአየር ማሳለፊያውንም በር እንደዚሁ። ፓዱን ያኔ አውጥቼ ውሃችን ምን ያህል ኖራ እንደጣለበት አሳያችኋለሁ።