ቄቦቹ እስከ ጥቅምት ይቆዩ

ግንቦት 16፣ ደብረ ማርቆስ

ትናንት ማታ እማዬ ከቢቸና ደወለች። ሦስት ቄብ ዶሮዎች አሳድጋልኛለች፤ ሁለቱ ቀይ፣ አንዷ ገብስማ። «ነይና ውሰጃቸው እንጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። ትንሿ ልጄ አጠገቤ ነበረችና ሰማች። እንቅልፍ እስኪወስዳት «መቼ ነው የሚመጡት?» ስትለኝ አመሸች። ለሁለቱም መልስ አልሰጠሁም። ሌሊቱን ሳሰላስል አደርኩ።

ሰኔ 30 ይህን ቤት እንለቃለን። ከዓመታት ኪራይ በኋላ ወደ ራሳችን ቤት ልንገባ ነው። ከተማው ዳር ላይ ነው፤ ሰፋ ያለ ጓሮ አለው። እኔ ያደግኩት አውራ ዶሮ እየቀሰቀሰኝ ነው፤ ልጆቼም እንዲያ እንዲያድጉ በጣም እፈልጋለሁ። ዶሮ እንደምናረባ ከባለቤቴ ጋር ከተስማማን ቆይተናል። ያልቆረጥነው ጊዜውን ነው።

አሁኑኑ ባመጣቸው ደስ ባለኝ። አከራያችን እትዬም አይከፋቸውም፤ የእሳቸው ዶሮዎች ግቢው ውስጥ ናቸው። ግን የዛሬ አራት ዓመቱን አልረሳሁትም።

ያን ጊዜ ከፍኖተ ሰላም ወደ ማርቆስ ስንዛወር አምስት ዶሮዎች ነበሩኝ። አንዷ ወሰራ 12 እንቁላል ታቅፋ ነበር። ዶሮ የምትታቀፈው 21 ቀን ነው። የእኔዋ 14 ቀን ሞልቷት፣ አንድ ሳምንት ብቻ ነበር የቀራት። መኪናው ደግሞ ተከራይቷል፤ ቀኑ አይገፋም። ከነቅርጫቷ አይሱዙው ላይ አስቀመጥኳት፣ በነጠላ ሸፈንኳት። ጅጋን፣ ደምበጫን፣ አማኑኤልን አልፈን ማርቆስ ስንገባ መሽቷል። ብርዱ ከፍኖተ ሰላም ጋር አይገናኝም። ነጠላውን ስገልጠው ከእንቁላሎቹ ላይ ተነስታ ቅርጫቱ ጥግ ቆማለች። መልሼ አስተኛኋት፤ ተነሳች። ጨለማ ክፍል ውስጥ አስገብቼ በሩን ዘጋሁባት፤ እምቢ አለች። ጠዋት እንቁላሎቹን ስዳስሳቸው ቀዝቅዘዋል። አንዱን ሰበርኩት። ጸጉር ያበቀለ ጫጩት ነበር። እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

የቀሩትም አልሆነላቸውም። አንዷ በነጋታው በሩ ተከፍቶ ስታገኝ ወጥታ በዚያው ቀረች። አዲሱን ቤት መቼ አውቃው ትመለስ? የተረፉት ከወር በላይ አንድ እንቁላል አልጣሉም። ዶሮ ስትደነግጥ መጣል ታቆማለች። ቤቷ ብላ የምትይዘው ደግሞ የምታድርበትን ነው። አዲስ ዶሮ ሲገዛ እናቶቻችን ለጥቂት ቀን እግሯን በገመድ ምሰሶ ላይ የሚያስሩት ለዚህ ነበር።

ስለዚህ ከመዛወራችን በፊት የሚለው ሐሳብ ቀረ።

ከገባን በኋላ ወዲያው፣ ሐምሌ ላይስ? ባለቤቴ የሚለው ይህን ነው። እኔ ግን ያ ጓሮ ያስፈራኛል። በአንድ በኩል አጥሩ አላለቀም። ከጀርባው የባህር ዛፍ ደን አለ፤ ሸለምጥማጥ አያጣውም። ሸለምጥማጥ ሌሊት ቆጥ ላይ ከወጣ የሚበላውን ብቻ ገድሎ አይሄድም። ቀን ደግሞ ጭልፊት አለ።

ከዚህ ሁሉ የምፈራው ግን ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ነው። ዝናብ ሲገባ ይነሳል። ልጅ ሳለሁ አንድ ሰኔ የእማዬን ዶሮዎች በአንድ ሳምንት ጨረሳቸው። አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል፣ አንገታቸው ይጣመማል፣ ከዚያ በቃ። መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ብቻ ነው። እማዬ ያን ቀን ስታለቅስ አይቻታለሁ። ለደብተርና ለእስክሪብቶ የምትሸጠው እንቁላል ነበር የሞተባት።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳሶ የሚባለውን ዝርያ የ45 ቀን ጫጩት እንድገዛ መክራኛለች። ምክሩ መጥፎ አይደለም። የአንድ ቀን ጫጩት ሙቀት ይፈልጋል፤ አዲሱ ቤት ገና ቆጣሪ አልገባለትም፣ አምፖል አላበራለትም። የ45 ቀኑ ግን ይህን አልፏል። ሆኖም እሱም ቢሆን ጭቃና ብርድ አይወድም። የማርቆስን ነሐሴ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጳጉሜን ላይ ልግዛ ብል የእንቁጣጣሽ ገበያ ነው፤ ዋጋው አይቀመስም። ገበያ የዋለች ዶሮ ከየት ምን ይዛ እንደመጣችም አይታወቅም። የእማዬዎቹን ግን አውቃቸዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት። ጥቅምት 1 እወስዳቸዋለሁ አልኳት። ዝናቡ ይወጣል፣ አጥሩ ያልቃል፣ እኛም ቤቱን እንለምደዋለን። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እንግዲያስ አክርሜ እሰጥሻለሁ፤ እስከዚያ የሚጥሉት ግን የእኔ ነው» አለች። ይሁን አልኳት። ክትባቱን ከመስከረም አጋማሽ በፊት እንድታስከትባቸው ለመንኳት፤ ከመንገዳቸው በፊት ሁለት ሳምንት ቢያገኙ ሰውነታቸው ይጠነክራል። እግራቸውን አስሬ ዘቅዝቄ አላመጣቸውም። በቅርጫት፣ ወደ ማታ ላይ። በጨለማ ቆጡ ላይ አስቀምጬ ለአንድ ሳምንት ከቤታቸው አላስወጣቸውም። ውኃና ጥሬ እዚያው አቀርብላቸዋለሁ።

የዶሮ ቤቱ ግን ቀድሞ መቆም አለበት። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ቀርከሃውን ባለቤቴ ከእንጅባራ ሊያስመጣ ነው። መስኮቱ ላይ የምናደርገው ሽቦ ቀዳዳው ጠባብ መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ ገንዘብ አልቆጥብም።

ለልጄ «ከመስቀል በኋላ» አልኳት። ስንት ቀን ነው አለች። አብረን ቆጠርን፤ ጳጉሜን 5 አድርገን 140 ቀን። አኮረፈች። ኋላ ግን ወረቀት አምጥታ 140 ክብ እንድስልላት ጠየቀችኝ። ተሰልፈው ሲታዩ ለካ ብዙ ናቸው። አሁን ማታ፣ ከመተኛቷ በፊት፣ የመጀመሪያውን ቀይ ቀባችው።