ሁለት ኪሎ ሽጉጥ

ልጅ ሆነን አዳማ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠባብቀን ያየነው ሽጉጥ ዳላስ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ዴዘርት ኢግል። ያ ጡብ የሚያህለው፣ የሚያብለጨልጨው።

ባለፈው ዓመት ትንሽ ገንዘብ ቋጠርኩ። ግሪን ካርድ ስላለኝ ሕጉ አይከለክለኝም። ዋጋ ስጠይቅ 2,000 ዶላር አካባቢ አሉኝ። በዚህ ብር ደህና 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ሦስት ይገዛል። ልቤ ግን ሸፍቷል።

ብቻ መጀመሪያ ተከራይቼ ልሞክረው አልኩ። ተኩስ መለማመጃው ውስጥ የሚያከራየው ልጅ ሲያቀብለኝ እጄ ወረደ። ባዶውን ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። የጥይቱ ውፍረት 12.7 ሚሊሜትር። አንዷ ፍሬ ከ2 ዶላር በላይ ታወጣለች። ቃታ በሳብኩ ቁጥር አንድ ቡና ጠጣሁ በሉት።

የመጀመሪያው ተኩስ ደረቴን ነዘረኝ። ሁለተኛው ላይ ቀለሃው ተፈናጥሮ ግንባሬን አገኘኝ። ሦስተኛው ላይ ቀለሃው መውጫው ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ልጁ ሳቀ። «እጅህን አላላህ» አለኝ። ይሄ ሽጉጥ እንደ አብዛኞቹ ሽጉጦች በእርግጫው ኃይል አይደለም የሚሠራው። እንደ አንዳንድ ጠመንጃ ከበርሜሉ ውስጥ የባሩድ ጋዝ እየወሰደ ነው የሚያቀባብለው። እጅ ከላላ ይቀረቀራል። ልባስ የሌለው የእርሳስ ጥይት ከጎረሰ ደግሞ የጋዝ ቀዳዳው ይደፈናል። ቅንጡ ነው ባጭሩ።

ያም ሆኖ አልቆረጠልኝም። ለገና አዳማ ስገባ ለአጎቴ ቪዲዮውን አሳየኋቸው። ጋሼ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ማካሮቭ ታጥቀው ነው የኖሩት። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አደረጉ።

«ስንት ጎራሽ ነው?»

«ሰባት።»

«የእኔዋ ስምንት ትጎርስ ነበር። አንድ ኪሎም አትሞላ። ይሄን ለምንህ ነው?»

«ያው፣ ቤቴን ልጠብቅበት።»

«አፓርታማ አይደል እንዴ የምትኖረው? የጎረቤትህ ግድግዳ ከምንድነው?»

ዝም አልኩ። ጂፕሰም ቦርድ ነው። ጎረቤቴ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ለማለት ይቃጣኛል። እንኳን ይሄ፣ ትንሹም ጥይት በስቶት ያልፋል።

«ትታጠቀዋለህስ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሱሪዬን ያወልቀኛል።»

ሳቁ። ቡና ልትጠጣ የመጣች የጎረቤት ልጅ «ለምን ይዘኸው አትመጣም?» ብትል ጋሼ ኮስተር አሉባት። መሣሪያ ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1177 ወንጀል መሆኑን አስረድተው አስረድተው ቡናው ቀዘቀዘ። ወታደር ጡረታ ቢወጣም ያው ወታደር ነው።

አልገዛሁትም። ሲያምረኝ ሄጄ እከራየዋለሁ፤ ሰባቷን አጩሄ እመለሳለሁ። ያን ያህል ነው ፍቅራችን። ለክፉ ቀን ከተባለ አንድ ተራ 9 ሚሊሜትር ይበቃኛል፤ ጥይቱም ርካሽ ስለሆነ ልለማመድበት እችላለሁ።

የምመለስ ዕለት ሻንጣዬ ባጃጅ ላይ ተጭኗል። እናቴ ድርቆሹን የት እንዳስቀመጠችው ለሦስተኛ ጊዜ ትነግረኛለች። ጋሼ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንተ፣ ያቺን ቪዲዮ እስቲ አንዴ ድገማትማ።»