91 ሴንቲ ሜትር

ሰኞ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2017

ክርክሩ ሁለተኛ ቀኑን ያዘ። ቅዳሜ በኮሌጆች የአሜሪካ ፉትቦል ኮሎምበስ ላይ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦሃዮ ስቴት 14 ለ7 ተሸንፎ ዓመቱን ጀመረ፤ ያውም በአሶሺዬትድ ፕሬስ የቅድመ ውድድር ደረጃ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ተብሎ በገባበት ዓመት። በአራተኛ ዳውን፣ ማለትም በመጨረሻው ሙከራ፣ አምስት ጊዜ ደፍሮ የቀናው አንዴ ብቻ ነው። ደጋፊው ግን ከአራቱ ክሽፈቶች አንዷን አንቆ ይዟል። በሦስተኛው ሩብ፣ 7 ለ0 እየተመራ፣ የጎል መስመሩ ላይ ሊደርስ 1 ያርድ ሲቀረው፣ ኳርተርባኩ (ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) አርች ማኒንግ ኳሱን ራሱ ይዞ ሲገፋ የተገታባትን።

አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ናት፤ በእኛ ልክ ሁለት ክንድ ብትሆን ነው። ለአሜሪካ ፉትቦል እንግዳ ለሆነ ሰው ነገሩ ቀልድ ይመስላል። በአራት ሙከራ 10 ያርድ የሚሄድ ቡድን አንዷ ላይ ምን ያስቆመዋል? የሚያስቆመው ማነሷ ነው። ርቀቱ ሲያጥር ተከላካዩ የሚጠብቀው ሜዳም አብሮ ያጥራል። ከጎል መስመሩ በስተጀርባ ያለው ኤንድ ዞን ጥልቀቱ 10 ያርድ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ጊዜ ረጅም ቅብብል ፈርቶ ወደ ኋላ የሚቆመው ሴፍቲ እዚህ የሚፈራው ነገር የለውም፤ መጥቶ ከላይንባከሮቹ (ከፊት መስመሩ ጀርባ ከሚቆሙት ተከላካዮች) ጎን ይተከላል።

የቴክሳስን ሰው ይበልጥ የሚያንገበግበው ይህ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ጥር 2 ቀን፣ አርሊንግተን ላይ፣ በኮተን ቦውሉ ግማሽ ፍጻሜ፣ ተጋጣሚው ይኸው ኦሃዮ ስቴት ነበር። 21 ለ14 እየተመራ ከ1 ያርድ መስመር አንደኛ ዳውን አገኘ፤ ለአንድ ያርድ አራት ዕድል ማለት ነው። በመጀመሪያው ጄሪክ ጊብሰን መሐሉን ገጭቶ ባለበት ቀረ። በሁለተኛው ኳሱ ወደ ጎን ለኩዊንትሬቪየን ዊዝነር ተወረወረ፤ 7 ያርድ ወደ ኋላ። ሦስተኛው ቅብብል ሳይያዝ ቀረ። በአራተኛው፣ አሁን ከ8 ያርድ፣ ጃክ ሶየር ከዳር ደርሶ ኩዊን ዩወርስን ኳሱን አስጣለውና አንስቶ 83 ያርድ ሮጠበት። 28 ለ14። (ሶየርና ዩወርስ ድሮ ኦሃዮ ስቴት አብረው ሳሉ አንድ ክፍል ተጋርተው ይኖሩ ነበር፤ ነገር ሲገጥም እንዲህ ነው።) ለአሜሪካኖቹ ሁለት የተለያየ የውድድር ዘመን ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን ሁለቱም 2017 ውስጥ ወደቁ፤ ዓመቱ አንድ፣ ተጋጣሚው አንድ፣ ርቀቱም ያችው አንድ ያርድ።

በጥር ጩኸቱ «ምን ወደ ጎን ወሰዳችሁ፣ ቀጥ ብሎ አይገፋም ወይ?» ነበር። በነሐሴ ቀጥ ብሎ ተገፋ። አሁን ደግሞ «ሁሉም እያወቀው ምን ቀጥ ብሎ?» ሆነ። ሌላው ወገን ነገሩን ሁሉ ወደ ወኔ ይወስደዋል፤ ልጆቹ ጉልበት የላቸውም፣ ቡድኑ ልፍስፍስ ነው ይላል። ዳላስም ኮሎምበስም ሐበሻ የበዛባቸው ከተሞች ስለሆኑ «ወኔ» የሚለውን ቃል በራሳችን ቋንቋም አልተረፍነውም። ለእኔ ግን የነሐሴው ጥሪ (እንዲጫወቱት የታዘዘው ዘዴ) ትክክል ሆኖ ያልተሳካ፣ የጥር ወሩ ደግሞ ገና ሲጠራ ስህተት የነበረ ነው። ውጤታቸው አንድ ስለሆነ አንድ ዓይነት ጥፋት ተደርገው ይቆጠራሉ እንጂ አይገናኙም።

ከኳሱ መነሻ ልጀምር። የዘመኑ የኮሌጅ ጥቃት አብዛኛውን ጊዜ ከሾትገን ይነሳል፤ ኳርተርባኩ ከሴንተሩ (ኳሱን ከመሬት ወደ ኋላ ከሚያቀብለው የመሐል ሰው) 5 ያርድ ያህል ወደ ኋላ ቆሞ ኳሱን ከአየር ይቀበላል። ለቅብብል ይህ ጥሩ ነው፣ ሜዳውን እያየ ይጀምራል። ለአንድ ያርድ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ኳሱ 5 ያርድ ወደ ኋላ ሄዷልና ሯጩ አንዷን ለማግኘት ስድስት መሸፈን አለበት። ኳሱ አየር ላይ ሳለ የተከላካዩ ታክል (የፊት መስመሩ የመሐል ሰው) ተነስቷል። አንድ ጋርድ (ከሴንተሩ ጎን የሚቆም አጋጅ) በአንድ እርምጃ ከተቀደመ፣ ሯጩ ኳሱን ሲጨብጥ ሰው ፊቱ ቆሞ ያገኘዋል። ወደ ጎን የሚወረወረው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ኳሱ ወደ ኋላም ወደ ዳርም ይሄዳል፤ ሯጩ ትከሻውን ወደ ጎል እስኪያዞር ድረስ ያገኘው መሬት የለም፤ ከአጋጆቹ አንዱ ብቻ ቢሾልክበት ማምለጫ የለውም። የኮሌጅ ሃሽ መስመር (ኳሱ ከዚያ ወደ ዳር ወጥቶ እንዳይነሳ የሚወስነው ምልክት) ከዳሩ 20 ያርድ ላይ ስለሆነ፣ ኳሱ ሃሽ ላይ ካለና ጥሪው ወደ ጠባቡ ጎን ከሆነ የዳሩ መስመር ራሱ አስራ ሁለተኛ ተከላካይ ይሆናል።

ለአንድ ያርድ አራት ዕድል ያለው ቡድን ማድረግ የሌለበት አንድ ነገር ቢኖር ወደ ኋላ መሄድ ነው። የጥር ወሩን ጨዋታ የገደለው ሁሉም የሚያስታውሰው የሶየር ሩጫ አይመስለኝም፤ ከሁለት ጨዋታ በፊት የጠፉት 7 ያርዶች ናቸው። ከ1 ያርድ ላይ ሦስተኛ ዳውን ቢሆን ኖሮ ስኒክም (ኳርተርባኩ ራሱ ኳሱን ይዞ መሐሉን መግፋት)፣ መሐል ለመሐል ሩጫም፣ የውሸት ሩጫ አሳይቶ ለታይት ኤንድ (በመስመሩ ጫፍ ቆሞ ለሚያግድም ለሚቀበልም ተጫዋች) ማቀበልም በእጅ ነበር። ከ8 ያርድ ግን ቅብብል ብቻ ይቀራል። ቅብብል ብቻ መሆኑን ያወቀ የዳር ተከላካይ ደግሞ ሩጫ መጠበቁን ትቶ ወደ ኳርተርባኩ ይነዳል። የሆነውም ይኸው ነው።

ስኒክ እነዚህን አደጋዎች አብዛኛውን ይሰርዛል። ኳርተርባኩ እጁን ሴንተሩ ሥር አስገብቶ ኳሱን በእጁ ይቀበላል፤ ኳሱ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው ግማሽ ያርድ አይሞላም። በቅርብ ሲታይ ደግሞ ሥራው የቁመት ሥራ ነው። ሴንተሩና ሁለቱ ጋርዶች ጫማ ለጫማ እስኪነካኩ ይጠጋጋሉ፤ ክብደታቸውን መሬት በያዘው እጃቸው ላይ ይጥላሉ። የመጀመሪያዋ እርምጃ ከአንድ ስንዝር አትበልጥም። ረጅም የተራመደ ጋርድ አንድ እግሩ አየር ላይ ሳለ ይገጫል፤ አየር ላይ ያለ እግር ደግሞ አይገፋም። ትከሻውን ከተጋጣሚው ትከሻ ሥር ያስገባ ያሸንፋል፤ 150 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንኳ ቀና ካለ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ኳርተርባኩ የሚሄድበትን ቀዳዳ የሚመርጠው ከስናፑ (ሴንተሩ ኳሱን ከሚያቀብልበት ቅጽበት) በፊት ነው። የተከላካዩ የመሐል ሰው ሴንተሩ አናት ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ፣ ሴንተሩና አንዱ ጋርድ ሁለት ሆነው ያነሱታል፤ ኳርተርባኩም የዚያን ጋርድ ጭን ታክኮ ይገባል። ሁለት ታክሎች ግራና ቀኝ ሁለቱንም ቀዳዳ ከያዙ ግን ጥሪውን መቀየር ነው፤ አለዚያ ግድግዳ በግንባር መምታት ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ተከላካዩ ቀድሞ ሲተኛ ነው። የመሐሉ ሰው ለመግፋት አይሞክርም፤ ሆን ብሎ ከጋርዶቹ ጉልበት ሥር ይወድቅና ክምር ይሠራል። ኳርተርባኩ ክምሩ ላይ ሲደርስ እግሩ ከቆመ ላይንባከሩ ከላይ ዘሎ ይጨርሰዋል። መፍትሔው ሁለተኛው ግፊት ነው፤ መጀመሪያ ሲነካ እግሩን ሳያቆም ወደ ቀጣዩ ቀዳዳ መንሸራተት። በኮሌጅ ሕግ ጉልበት መሬት ከነካ ማንም ባይነካውም ጨዋታው አለቀ፤ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ግን ተጋጣሚ ነክቶት መሆን አለበት። ስለዚህ እዚህ ተንሸራቶ መነሳት ብሎ ነገር የለም።

«ከኋላ ለምን አልተገፋም?» የሚል ጥያቄም በዝቷል። ሯጭን ከኋላ መግፋት በፕሮፌሽናሉ ሊግ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ፣ በኮሌጅ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ተፈቅዷል። በኮሌጅ ገና ክልክል በነበረበት በ2005 ነበር የዩኤስሲ (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ሯጭ ሬጂ ቡሽ ኳርተርባኩን ማት ላይናርትን ገፍቶ በኖትር ዳም ላይ ያስገባው፤ ዳኛው ሳይጠራው ዩኤስሲ 34 ለ31 አሸነፈ። የፕሮፌሽናሉ ሊግ ክለብ ፊላደልፊያ ኢግልስ ኳርተርባኩን ጄለን ኸርትስን ከኋላ እየገፋ ዘዴውን ታዋቂ ካደረገው ወዲህ የክለብ ባለቤቶቹ ሊያስቀሩት ባለፈው ግንቦት ድምፅ ሰጥተው ነበር። 22 ደገፉ፣ 10 ተቃወሙ፤ 24 ስለሚያስፈልግ ቀረ። ደጋፊው የሚረሳው ግን ግፊቱ የሚረዳው ከፊት ያሉት ሦስቱ መጀመሪያ መሬት ካገኙ ብቻ መሆኑን ነው። ፊት የቆመን ክምር ከኋላ መግፋት ኳርተርባኩን ሳንድዊች ማድረግ ነው።

የሰው ቁጥሩም ነገር አለ። ኳርተርባኩ ኳሱን ለሌላ ሰጥቶ ከቆመ፣ 11 ተከላካዮች በ10 ሰው ላይ ይዘምታሉ። ራሱ ሲሮጥ ቁጥሩ ይስተካከላል። ለዚህም ነው «ከባድ ከባዱን አስገቡ» የሚለውን ሐሳብ ብዙም የማልወደው። አንድ ታይት ኤንድ ሲጨመር አንድ ቀዳዳ ይጨመራል፤ ግን አንድ ተከላካይም ተከትሎት ይመጣል፤ ጥቃቱ ሰው ከቀየረ ደግሞ ዳኛው ተከላካዩም እስኪቀይር ጨዋታውን ይይዛል። ሦስት ኳስ ተቀባይ ዳር ድረስ ዘርግቶ፣ ሦስት ተከላካይ ከመሐል ስቦ፣ ከዚያ ሴንተሩ ሥር ገብቶ መግፋት ይሻለኛል። ሰፊ ቆሞ በጠባብ መግባት ማለት ነው።

ጫጫታውም ለስኒክ ያደላል። ኦሃዮ ስታዲየም ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይጮኻል፤ የእንግዳው ቡድን ዳር ላይ ያለው ታክል (በጥቃቱ በኩል ደግሞ የዳር አጋጅ ማለት ነው) የኳርተርባኩን ድምፅ ስለማይሰማ ኳሱን በዓይኑ እያየ ይነሳል፤ በዚህም ከተከላካዩ ቀድሞ የመነሳት ጥቅሙን ያጣል። ስኒክ ግን በዋናነት የሦስት የመሐል ሰዎች ሥራ ነው። ተከላካዩን በድምፅ አታልሎ ቀድሞ እንዲገባ ማድረግም ሜዳው መሐል ላይ እንጂ እዚህ አይረዳም። መሐል ሜዳ ላይ አራተኛ ከአንድ (አራተኛ ዳውን፣ 1 ያርድ ሲቀር) ሆኖ ተከላካይ ቀድሞ ከገባ 5 ያርድ ይቀጣል፤ አዲስ አንደኛ ዳውን ነው። ከ1 ያርድ መስመር ላይ ግን ቅጣቱ ወደ ጎሉ የቀረው ርቀት ግማሽ ብቻ ነው፤ አሁንም አራተኛ፣ ግማሽ ያርድ። አጥቂው ቀድሞ ቢንቀሳቀስ ግን ሙሉ 5 ያርዱ ይወሰድበታል። አራተኛ ከ6።

«ፊልድ ጎሉን ቢመታ ኖሮ» (ኳሱን በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መሐል ማሳለፍ) ለሚሉት ባጭሩ፦ ከ1 ያርድ መስመር ምቱ 18 ያርድ ነው፣ አይሳትም ማለት ይቻላል። ግን 3 ነጥብ ነው፤ የመጨረሻው ልዩነት 7። ሳይሳካ ሲቀርም ተጋጣሚው ጀርባውን ለራሱ ጎል ሰጥቶ ነው የሚጀምረው።

«መስመሩ አዲስ ነው» የሚለው ሰበብ ግን ግማሽ እውነት ነው። ካለፈው ዓመት አምስት የቴክሳስ የፊት መስመር ቋሚዎች አራቱ ሄደዋል፣ ሴንተሩን ጨምሮ። ሦስት ሰው ጫማ ለጫማ ተጣብቆ በአንድ ትንፋሽ የሚነሳበት ሥራ ደግሞ ከሁሉ በላይ መለማመድን ይፈልጋል። ይሁንና ኦሃዮ ስቴትም አራቱን የፊት ተከላካዮቹን በሙሉ ለፕሮፌሽናሉ ሊግ ሰጥቷል፤ የመከላከል አሰልጣኙ ማት ፓትሪሺያም በዚህ ቦታ የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር። ሁለቱም አዲስ ሰው ይዘው ነው የተገናኙት፤ እዚያች ያርድ ላይ የቀደመው የኦሃዮው ነው።

ቅዳሜ ጳጉሜን 1 ሳን ሆዜ ስቴት ኦስቲን ይመጣል። ቴክሳስ ምናልባት በሰፊ ልዩነት ያሸንፍና ክርክሩ ይረሳ ይሆናል። እኔ የማየው የመጀመሪያውን አጋማሽ ነው፤ ነጥቡ ሳይሰፋ፣ ሦስተኛ ከአንድ ሲመጣ ማኒንግ የሚቆመው የት ነው? ከሴንተሩ ሥር ወይስ 5 ያርድ ወደ ኋላ? ከዚያም ዓይኔን ከኳሱ አንሥቼ የግራ ጋርዱ የመጀመሪያ እርምጃ ላይ አደርጋለሁ፤ ስንዝር ናት ወይስ ከዚያ ትበልጣለች።