ለእናቴ ያጎለበትነው ምንጭ

እናቴ ወደ አኺራ በሄደች ዓመት ሐሳቤ ሰንጋ አርጄ ትልቅ ሰደቃ ላወጣላት ነበር። በእኛ በወሎ ሰደቃ ማለት ድንኳኑ፣ ቡናው፣ ዱዓው ነው፤ ያደግሁበት ነውና እወደዋለሁ። ከሐርቡ ወጣ ብሎ ያለውን የመንደራችንን መስጂድ ሸኽ ሳማክራቸው ግን፣ "ልጄ፣ እናትህን በሕይወቷ በጣም ያደከማት ምን ነበር?" አሉኝ።

"ውሃ" አልኳቸው።

የነቢዩ ባልደረባ ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ እናታቸው ስትሞት የትኛው ሰደቃ (ምጽዋት) እንደሚበልጥ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው "ውሃ" እንደተባሉና ጉድጓድ እንዳስቆፈሩላት አጫወቱኝ። ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ የማይቋረጡት ሰደቀቱል ጃሪያ (ጥቅሙ የሚቀጥል ምጽዋት)፣ የሚጠቅም ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ ናቸው። ኢማም ሙስሊም የዘገቡትን ይህን ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ከራሴ እናት ጋር ያገናኘሁት ግን ያን ቀን ነው።

እናቴ ጀሪካን አዝላ ከምትወጣው ዳገት ሥር ያለውን ምንጭ ለማጎልበት ተነሣሁ። የመንደሩ ሰው በደቦ ድንጋይ አቀረበ፤ እኔ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ቧንቧ ገዛሁ። ዓይኑ እስኪገኝ ቆፍረን ጠጠር ሞላንበት፣ ዙሪያውን ገነባን፣ ከበላዩ ጎርፉን የሚመልስ ቦይ አወጣን። ትራፊው ውሃ ለከብቶች ገንዳ እንዲወርድ ያደረጉት ሸኻችን ናቸው። የተጠማ ውሻ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱን አንሥተው፣ ነፍስ ያለውን ሁሉ ማጠጣት አጅር (ምንዳ) አለው አሉ።

ያጠፋሁት ቧንቧው ላይ ነው። የሚያልፈው በአንድ አባወራ ማሳ ጥግ ነበር፤ ለመንደር ጥቅም ማን እምቢ ይላል ብዬ ሳላስፈቅድ አስቆፈርኩ። ሰውየው ተቆጡ፤ እውነታቸውን ነው። በሰው ሐቅ ላይ የቆመ ሰደቃ ለእናቴ ምኑ ይደርሳታል? ሽማግሌ ይዤ ሄድኩና "አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ" አልኳቸው። ቡና አጠጥተው ሸኙኝ። በሳምንቱ ያችን ጥግ ራሳቸው ወቅፍ አደረጓት፤ ለአላህ ብለው ለሕዝብ ጥቅም ሰጧት ማለት ነው።

ውሃው ሲወርድ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ደሴ ተመለስኩ። በዓመቱ ስመጣ የቧንቧው ራስ ተሰብሮ እናቶች ከከብቱ ገንዳ ሲቀዱ አገኘሁ። ለጥገና የተቀመጠ አንድ ብር አልነበረም። እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም፤ ጃሪያ ማለት የሚፈስ ማለት ነው፣ እኔ ግን መገንባቱን እንጂ መፍሰሱን አላሰብኩበትም።

የነቢዩ ባልደረባ ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር የነበራቸውን መሬት እንዳይሸጥና እንዳይወረስ አድርገው ፍሬውን ለድሃ እንደሰጡ ሸኻችን የነገሩኝ ያኔ ነው። ከገንዳው በታች፣ በወቅፏ መሬት ላይ ማንጎ ተከልን። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል ያሉም ነበሩ፤ ምንጩን ይመጥብናል ተብሎ ቀረ። እስኪያፈራ በየወሩ እኔ አዋጣሁ። የገንዘቡን ሣጥን ቁልፍ የያዙት ሁለት እናቶች ናቸው፤ ውሃው ሲበላሽ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ዘንድሮ የመጀመሪያው ማንጎ ተሸጠ። ወፎቹ ብዙውን ቢበሉትም ቅር አላለንም፤ ወፍ የበላውም ለተካዩ ሰደቃ ነው። በብሩ ሁለት የቧንቧ ራስ ተገዛ፤ አንዱ ተገጠመ፣ ሁለተኛው ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጧል።