ሥራ ፈት ዕቃ የማይገባበት በረንዳ

ጎንደር ውስጥ በረንዳ እንግዳ የሚቀመጥበት ብቻ ሳይሆን የዕለት ሥራ የሚሠራበት ቦታ ነው። በርበሬ የሚቀነጠሰው፣ ምስርና ሽምብራ የሚለቀመው፣ ልብስ የሚታጠበው፣ ክረምት ሲገባም የጨቀየ ጫማ የሚወልቀው እዚያው ነው። በዚህ ምክንያት የቤታችንን በረንዳ ከገበያ በሚለቀሙ አሮጌ ዕቃዎች ለማሳመር ስነሳ ገና ከመጀመሪያው ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ሥራ ፈት ዕቃ አይገባም። የሚመጣው ነገር ወይ ሰው ያስቀምጥ፣ ወይ ሸክም ይሸከም፣ ወይ ያብራ፤ ቆሞ ለመታየት ብቻ የሚመጣ ከሆነ የበርበሬውን ቦታ ይሻማል። እኅቴ «ለጌጥ ደግሞ ምን ሕግ ያስፈልገዋል?» ብላ ስቃብኛለች። እኔ ግን ሕጉ ባይኖር ኖሮ በረንዳችን እስካሁን የቆራሌ መጋዘን ይሆን ነበር ባይ ነኝ።

ከዕቃው በፊት ግድግዳው ነበረ። የዘይት ቀለም በየክረምቱ ከታች እየተነሣ ሲላጥ ስላየሁ ዘንድሮ አስፍቄ በኖራ አስቀባሁት። ኖራ እርጥበትን አፍኖ አይይዝም፤ ግድግዳው የጠጣውን ውሃ በጋ ሲመጣ መልሶ ይተፋዋል። የፋሲል ግንብ ድንጋዮችም እርስ በርስ የተያያዙት በኖራ ነው፤ በ1930ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ሳይስማማቸው ቀርቶ፣ በኋላ ሲሚንቶው እየተነቀለ በኖራ የተተካውም ለዚህ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ምክንያት ዋጋው ነበር፤ ነጩ ግድግዳ የአሮጌ እንጨትና የዛገ ብረት መልክ ማጉላቱን ያየሁት ከተቀባ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ገበያ አሮጌ ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ትዕግሥት የሚጠይቅ ቦታ ነው። እህሉንና ቅመሙን፣ ሰልባጁንና ፕላስቲኩን አልፈው የብረታ ብረቱና የእንጨቱ ክምር ጋ ሲደርሱ ሻጩ አስቀድሞ የሚያየው ዕቃውን ሳይሆን የገዢውን ዓይን ነው፤ ዓይንዎ አንድ ነገር ላይ ትንሽ ከዘገየ ዋጋው እዚያው ላይ ይጨምራል። ቁም ሣጥን የሚያህል፣ ጣውላዎቹ እንደ መሰላል እየተደራረቡ የተሰኩበት አንድ የመስኮት መዝጊያ ሳነሣ ሻጩ ወዲያው «የጣሊያን ጊዜ ነው» አለኝ። በዚህ ገበያ ያረጀ ነገር ሁሉ የጣሊያን ጊዜ ነው። ጣሊያን ጎንደርን የያዘው ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ብቻ ስለሆነ፣ ስድስት ዓመት እንኳ ያልሞላ ዘመን ይህን ሁሉ በርና መስኮት ከየት አምጥቶ እንዳወረሰን ይገርመኛል። ይሁንና ፒያሳ አካባቢ ካሉት የዚያ ዘመን ሕንፃዎች መስኮቶች ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ አልተከራከርኩም፤ የተከራከርኩት በዋጋው ነው።

መዝጊያውን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ያምራል፣ ግን ሥራ የለውም። እኔ አጋድሜ በሁለት የብረት ክንዶች ላይ አስቀመጥኩትና የአበባ መደርደሪያ አደረግሁት። ጣውላዎቹ መሐል ለመሐል ክፍተት ስላላቸው ከማሰሮዎቹ የሚንጠባጠበው ውሃ አይጠራቀምም፤ እንጨቱም አይበሰብስም። አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል የደረቀውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጉ አቧራውን መተንፈስ አይገባም፤ ልጆች በሌሉበት ውሃ እያርከፈከፍኩ በመፋቂያ አንሥቼ፣ የወጣውን ሁሉ በላስቲክ ሰብስቤ ጣልኩ። ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው አሮጌ በር ሲፍቅ ሕፃን ከጎኑ ቁጭ ብሎ ሲጫወት ስለማይ ነው።

ከሁሉ በላይ የተደሰትኩበት ግን የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና እግር ነው። መኪናው ራሱ የለም፤ የቀረው ሁለቱ ጎንና ጎን ያሉት እግሮች፣ ትልቁ መዘውርና መርገጫው ናቸው። ቆራሌው በኪሎ ሊመዝነው አስቦ ነበር፤ ወደ ማቅለጫ ሊሄድ ከተሰበሰበ ቁርጥራጭ ብረት ሥር ነበርና የተገኘው። ከላይ የዋንዛ ሣጥን ክዳን ሊገጠምበት ወደ በያጅ ብወስደው ባለሙያው አየት አድርጎ «እትዬ፣ ይኼ የፈሰሰ ብረት ነው፤ እሳት ካገኘው ይሰነጠቃል» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ ብረት ካርቦኑ ከፍተኛ ስለሆነ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ አጠገቡ ያለው ክፍል ደርቆ ይሰነጠቃል። ሥራ አጥቶ ሳለ ሥራ እንዲህ የሚመልስ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ክዳኑ በእግሮቹ ላይ በፊት በነበሩት ቀዳዳዎች በቡሎንና በዳዶ ታሰረ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አንሥቼ፣ ዝገት መከላከያ ቀለም ከሥር፣ ጥቁር ቀለም ከላይ ቀባሁት።

መርገጫው አሁንም ይንቀሳቀሳል። በመሐሉ ያሉት ወንፊት መሳይ ቅርጾች በአንዱ በኩል፣ የቀኝ እግር ተረከዝ በሚያርፍበት ቦታ፣ ተበልተው ልሙጥ ሆነዋል፤ በግራ በኩል ግን ጠርዛቸው ገና ስለት አለው። እዚያ ላይ ተቀምጦ ስንት ዘመን ልብስ የሰፋ ሰው ነበረ ማለት ነው። ያንን ቦታ ቀለም አልቀባሁትም። አሁን ጠረጴዛው ላይ ረከቦትና ስኒ ይደረደርበታል፤ ቡና ሲፈላ የጎረቤት ልጆች ከሥሩ ገብተው መርገጫውን ያወዛውዛሉ፣ መዘውሩም ጭው ይላል፤ እናቶቻቸው ይቆጣሉ፣ እኔ አልቆጣም።

ስለ እንስራው ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም ደንቤን የፈተነው እሱ ነው። የገዛሁት ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ አንዱ ጆሮው ከሌላው ይልቅ በገመድ የተበላ እንስራ ነው። እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ስታወጣ የተወችው የጣቶቿ መስመር ይሰማኛል። ማን እንደሠራችው ሻጩ አያውቅም። በዚህ አካባቢ በሸክላ ሥራቸው የታወቁት፣ ከከተማዋ በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው የወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ዘመቻዎችና ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ዛሬም ወለቃ ላይ በመንገድ ዳር ሸክላ ይሸጣል፤ ነገር ግን የሚበዛው ቱሪስት በሻንጣው የሚከተው ትንንሽ ቅርጽ ነው። ውሃ የሚቀዳበት እንስራ የሚሠራለት ሰው ጠፍቷል፤ ጀሪካን መጥቶ ገፍቶታል፤ መግፋቱም ተገቢ ነው። ባዶው እንስራ ራሱ ሸክም ነው፤ ባዶ ጀሪካን ግን ሕፃንም ያነሣዋል።

ከታች ቀዳዳ ሳላበጅለት አፈር ብሞላበት ተክሉ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ውሃውም የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል። ስለዚህ እንስራውን ጭድ በተሞላ ጆንያ ላይ ደፍቼ በሹል ብረት፣ ውሃ ጠብ እያደረግሁ፣ በመዶሻ ሳልመታ በእጄ እያዞርኩ በሳሁት። ሸክላ በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ ስለሆነ ቀስ ብለው ከያዙት ይበሳል። ይኸው ጠባዩ ውሃን በጎኑ እያተነነ የሚያቀዘቅዝበትም ምክንያት ነው፤ ለተክል ሲሆን ደግሞ አፈሩ ቶሎ ይጠነፍፋል፤ ውሃ የተኛበት መሬት ለማይወደው ለጤና አዳም የተስማማ ነው። ጤና አዳም ከቡና ጋር የሚቀርብ በመሆኑ ከጠረጴዛው አጠገብ መተከሉ እጅ ዘርግቶ ለመቅጠፍ ያመቻል።

እንስራውን ተክሉን ይዞ ያዩት ጎረቤቴ፣ እኔ እማማ የምላቸው አሮጊት፣ ገና በሩ ላይ ቆመው ተገረሙ።

«ምነው ልጄ፣ ይኼን ለጌጥ ብለሽ ነው ገንዘብ ያወጣሽበት? የእኔ ወገብ የጎበጠው በሱ አይደል?»

በልጅነታቸው ከቀሃ ወንዝ ዳገቱን ይዘው በጀርባቸው ውሃ ያመላለሱ ሴት ናቸው። ምን እመልሳለሁ? «እማማ፣ አንቱ እንደሚያስቡት ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም፤ ይኸው አፈር ተሸክሟል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ይሸከም» አሉ፤ «ተራው ነው።»

ሳቅን። ነገር ግን ቃላቸው ከቀልድ ያለፈ ሆኖ ስላገኘሁት ደጋግሜ አስቤበታለሁ። እኛ በረንዳ ላይ «ባህላዊ» ብለን የምንደረድረው ነገር አብዛኛው የሴት ጉልበት ነው። እንስራው፣ ሙቀጫው፣ ወፍጮውና መጁ ሁሉ በአንድ ሰው ክንድና ጀርባ ላይ ያለቁ ዕቃዎች ናቸው፤ ያንን ረስቶ ቫርኒሽ ቀብቶ አበባ መሰካት አንዳች የሚጎመዝዝ ነገር አለው። በስፌት መኪናው እግር ይህ አልተሰማኝም፤ መኪና ሙያ ነው፣ የሚከፈልበት ነው። ወፍጮው ግን ሌላ ነው። አንድ ሻጭ መጁ ሲመላለስበት መሐሉ የተሰረጎደ ግሩም የድንጋይ ወፍጮ አሳይቶኝ ነበር፤ ውሃ ቢሞላበት ለወፎች መጠጫ ይሆናል ብሎ ሊያግባባኝ ሞከረ፤ ሐሳቡም መጥፎ አልነበረም። ጉድጓዱን በመዳፌ ስዳስሰው ግን ስንት ሌሊት በጉልበት ተንበርክኮ እንደተሠራ ታየኝና ዋጋውን እንኳ ሳልጠይቅ ተመለስኩ። እንስራውን ወስዶ ወፍጮውን መተው ወጥ አይመስልም፤ የማስታርቅበት ሙሉ ምክንያትም የለኝም። ምናልባት እማማ ስለፈቀዱለት ይሆናል።

የቀረው ነገር ብዙ ወሬ የለውም። መቀመጫው ጠፍሩ በከፊል የተበጠሰ ጠፍር አልጋ ነው፤ ግማሹን አስቆርጬ አስጠፍሬዋለሁ። አሮጌ አልጋ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ብቻ አይርሳ፦ ወደ ቤት ከማስገባቱ በፊት በየመጋጠሚያው የፈላ ውሃ ያፍስበት፤ ትኋን አንዴ ከገባ ቤቱን ለባለቤቱ አይለቅም። የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች አሪቲና በሶብላ ይዘዋል፤ ምንም አልቀባኋቸውም። ጎማ ቆርጠው፣ ቀይና ቢጫ ቀብተው አበባ የሚተክሉበት ልማድ ግን አይስበኝም፤ ክረምት ላይ በውስጡ ውሃ ይይዛል፤ ደግሞም ጎማ ነው፣ ምንም ቢቀባ ጎማ ነው። ፋኖሱ መብራት በጠፋ ቁጥር ይለኮሳል፤ እሱስ የደንቡ አንደኛ ታዛዥ ነው።

እኅቴ አሁን የምትጨቀጭቀኝ ከአሸንዳው ሥር የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች እንድሸፍናቸው ነው፤ ሁሉ አምሮ እነሱ ብቻ ዓይን ይወጋሉ ትላለች። የሸምበቆ መጋረጃ ይሠራላቸው የሚል ሐሳብም አመጣች። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቧንቧው ሲንጎራጎር ተነሥቶ በጨለማ የሚሮጥ ሰው መጋረጃ ሲገልጥ አይታየኝም። ክረምትም ሲሆን ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ የሚቀበሉት እነሱው ናቸው። ጀሪካኖቹ ባሉበት ይቆዩ ብዬ መጋረጃውን ለጓሮው አጥር አስቀረሁት።