ልጅ ጥየቃ ነው ወይስ አገር ጉብኝት?

ልጄ የምትማረው ጣሊያን ነው፣ ቦሎኛ። ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ዘንድሮ እኔና አባቷ ሄደን እንጠይቃት አልን። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አባቷ ግን «ይሄን ሁሉ መንገድ ሄደን አንድ ከተማ አይተን ልንመለስ?» አለና ወረቀት ይዞ ቁጭ አለ። ሚላን፣ ቬኒስ፣ ፍሎረንስ፣ ሮም፣ ፓሪስ፣ ቪየና፣ ለንደን። በሁለት ሳምንት! ጡረታ ከወጣ ወዲህ ካርታ ማየት ይወዳል።

የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። ልጅቷ ያለችበት ከተማ ቤታችን ይሁን፣ ሻንጣችን እዚያ ይቀመጥ፣ ሌላውን ጠዋት ወጥተን ማታ እየተመለስን እንየው። በየሁለት ቀኑ ሆቴል እየቀየሩ፣ ሻንጣ እየጎተቱ፣ ልጅን በስልክ ማውራት ምኑ ጥየቃ ነው? እሱንማ ከአዲስ አበባም እናደርገዋለን።

ለንደንን ቶሎ ያስወጣልኝ ቪዛው ነው። የሸንገን ቪዛ፣ ጣሊያንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው ማለት ነው፣ እንግሊዝ እንደማያስገባ የታወቀ ነው፤ ችግሩ ግን እሱ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ አሰጣጡን አጥብቋል። በዚያ ውሳኔ መሠረት መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አድጓል፣ መልቲፕል ኢንትሪም ቀርቷል። ስለዚህ አንዴ ከሸንገን ከወጣችሁ ቪዛው ላይ ቀን ቢተርፍም ተመልሳችሁ አትገቡም። የእንግሊዝ ቪዛ በእጁ ያለ ሰው እንኳ ለንደንን መሀል ላይ መሰካት አይችልም፣ ወይ መጀመሪያ ወይ መጨረሻ ላይ ነው። ይሄን ሳስረዳው አባቷ ለንደንን ራሱ ሰረዛት። ቪየናን እኔ ሰረዝኳት።

ብዙ አገር የሚዞር ሰው የሚያመለክተው ብዙ ቀን ለሚቆይበት አገር ነው። የእኛ ጣሊያን ስለሆነ አያከራክርም። «የእነ እንትና ኤምባሲ ይሻላል፣ በዚያ ግቡ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ እኔ ግን ልጄ እዚያው አገር ተማሪ ሆና በወላጆቿ ፋይል ላይ የተምታታ ወረቀት እንዲቀመጥ አልፈልግም። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከሉም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ማመልከት የሚቻለው ጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ነው፣ 45 ቀኑን ስታስቡት ደግሞ ቶሎ ማስገባቱ ነው የሚሻለው። ከልጅቷ የመጋበዣ ደብዳቤ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ኮፒና ከዩኒቨርሲቲው የተማሪነት ማስረጃ ይመጣል። ትኬት ግን ቪዛ ሳይመታ እንዳትቆርጡ፤ ለማመልከቻው ቡኪንግ ይበቃል።

ቀኑን የወሰነችው እሷ ናት። «እማዬ፣ ሰኔ ላይ ከመጣችሁ ፊቴን አታዩትም» አለችኝ። እዚያ ፈተናው ጥርና የካቲት ላይ አለ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ አለ፣ መስከረም አካባቢም ይመለሳል። ነሐሴ ላይ ነፃ ናት፣ ግን ነሐሴ 9 ፌራጎስቶ የሚሉት በዓላቸው ይውላል፤ በዚያ ሰሞን አገሬው ሱቁን ዘግቶ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፣ ከተማው ለሙቀቱና ለቱሪስቱ ይቀራል። እኛም ፍልሰታ ላይ ነን። ስለዚህ ጥቅምት ይሁን ተባለ። ትምህርት ላይ ናት፣ ፈተና ግን የለባትም። ከሰኞ እስከ ዓርብ እኛ እንዞራለን፣ ማታ አብረን እንበላለን፣ ቅዳሜና እሁድ የእሷ ነው።

ትኬቱ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደርሶ መልስ በአንድ ከተማ ብቻ አታስቡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚላንም ሮምም ይበራል፣ ቦሎኛ አይበርም። መልቲ ሲቲ የሚለውን መርጣችሁ በሚላን ገብታችሁ በሮም ብትወጡ፣ አውሮፕላን ለመያዝ ብቻ ወደመጣችሁበት የምትመለሱበት ቀንና የባቡር ብር ይተርፋችኋል።

ቦሎኛ ለዚህ ዓይነት ጉዞ የተሠራች ነው የምትመስለው። የጣሊያን ባቡር መገናኛ ናት። በፈጣኑ ባቡር ፍሎረንስ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ሚላን አንድ ሰዓት ከምናምን፣ ቬኒስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሮም ሁለት ሰዓት ከትንሽ። የፈጣኑ ባቡር ዋጋ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ይጨምራል፣ ቀደም ብሎ መቁረጥ ነው። ሬጂዮናሌ የሚባለው ቀርፋፋው ዋጋው አይቀያየርም፣ ዛሬም ነገም ያው ነው፤ የወረቀት ትኬት ከሆነ ግን ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን ማስመታት አለባችሁ፣ አለዚያ ቅጣት አለ። ቦሎኛ ጣቢያ ላይ ብዙዎቹ ፈጣን ባቡሮች የሚቆሙት ከመሬት በታች ነው፣ ከ16 እስከ 19 ቁጥር ባለው መስመር። በሊፍትና በተንቀሳቃሽ ደረጃ መውረዱ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ልጄ ሰዓት ጨምረን እንድንደርስ አስጠንቅቃናለች። የአባቷን ጉልበት ታውቀዋለች።

ከተማዋ ራሷም የምትናቅ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው በፈረንጆቹ 1088 ተመሠረተ ነው የሚባለው። የእግረኛ መንገዱ ላይ ከላይ የተከደነ ረጅም በረንዳ አለ፣ ዝናብ ቢዘንብ ጃንጥላ ሳትይዙ ከተማውን ታቋርጣላችሁ፤ ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2021 መዝግቦታል። አባቷ ይሄን ሲያነብ ለቦሎኛ ቀን ጨመረላት። እኔ ምንም አላልኩም።

ጿሚ ለሆናችሁ ደግሞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጣሊያን አገር አያስቸግርም። ማሪናራ የሚሉት ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው፣ አይብ የለውም። ቦሎኛ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ታልያቴሌ የሚሉት ታዋቂው ፓስታቸው በእንቁላል የሚቦካ ነው። ደረቁን ፓስታ እዘዙ።

ሻንጣው ላይ ከእህቴ ጋር ሙግት ይዘናል። «ለልጄ ቋንጣና ቅቤ ሳትይዢ ልትሄጂ?» ትለኛለች። አይቻልማ! የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሻንጣ የሚገባ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አይፈቅድም። የነጠረው ቅቤም ያው ቅቤ ነው፣ አይብም አይሞከርም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ ያለ ቅቤ፣ የተቆላ ቡና ይገባል። ማርም ከሁለት ኪሎ ካላለፈ ይቻላል። እኔ ሽሮውን በደንብ አሽጌ በሁለት ሻንጣ ከፍዬ ነው የምይዘው፣ አንዱ ቢዘገይ እንኳ ልጅቷ ባዶ እጅ እንዳትቀር።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ለሮም ናቸው፣ እሷም ዓርብ ከክፍል ወጥታ አብራን ትሄዳለች። ባቡሩ የሚያወርደን ቴርሚኒ ነው። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ ደግሞ በፈረንጆቹ 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። እዚያው አካባቢ ሐውልትም አላቸው። አባቷ ይሄን አግኝቶ ሰሞኑን ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያወራ ነው የሰነበተው። ቀጥሎ የሚያየው ፖርታ ካፔና ነው፣ ከፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ሕንፃ ፊት፣ የአክሱም ሐውልት ተተክሎ የነበረበት ቦታ። ሐውልቱ በፈረንጆቹ 2005 አገሩ ገብቷል፤ «ታዲያ ባዶ ቦታ ምን ልናይ ነው?» ብለው «ባዶነቱን!» አለኝ። እሺ፣ ይሄኛውን ወድጄለታለሁ።

ያልተስማማንበት ፓሪስ ነው። ያው ሸንገን ነው፣ ቪዛው አይከለክልም፣ እሱም ይሄን ይዞ ነው የሚከራከረኝ። ከሚላን በባቡር ሰባት ሰዓት ገደማ፣ መሄድና መመለስ ብቻ ሁለት ቀን በላ ማለት ነው። እሷ ዳኛ ትሁነን ተባባልንና ደወልንላት። «እኔ ሰኞ ክፍል አለኝ፣ እናንተ ከፈለጋችሁ ሂዱ» አለች። አባቷ ፈቀደች ብሎ የሆቴል ዋጋ ማየት ጀምሯል። እኔ ደግሞ ድምጿን ሰምቼዋለሁ፣ አልፈቀደችም።